መተኛትና እንቅልፍ፤ የሰው ጠባይና ራስን መግዛት ከእንቅልፍ ማጣት ጋራ ስላላቸው ግንኙነት

በአማርኛ ስለ እንቅልፍ ስንናገር ሁለት ዓይነት አነጋገር እንዳለን ብዙ ጊዜ ልብ አንለውም። አንደኛው «ተኛሁ» የሚለው ነው። በዚህ ጊዜ አድራጊው ተናጋሪው ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ መደብ ላይ ጋደም ያለው እሱ ራሱ ነው። ሁለተኛው «እንቅልፍ ወሰደኝ»፣ ሲበረታም «እንቅልፍ ጣለኝ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ አድራጊው እንቅልፍ ነው፤ ሰውዬው ተወሳጅ ነው። እንቅልፍ ሲጠፋም «እንቅልፍ እንቢ አለኝ»፣ «ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ» እንላለን። በእርግጥ «ተኛ» የሚለው ግስ በዕለት ተዕለት ንግግር ለሁለቱም ያገለግላል። ዳሩ ግን ነገሩ ሲጠብቅ፣ ማለትም እንቅልፍ ያጣ ሰው ሲናገር፣ ሁለቱን ለይቶ «ተኝቼ ነበር፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም» ይላል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳው ያሰብነው ነገር በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። ጥያቄያችን እንዲህ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው እንቅልፉ ሲበላሽ ነገሩ ከጠባዩ የመጣ ነውን? ወይስ ራሱን መግዛት ስላቃተው ነው? በአገራችን ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለ። እንቅልፍ አጣሁ ለሚል ሰው ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «አታስብ!» ይለዋል። ምክሩ ከፍቅር የሚመጣ ቢሆንም በውስጡ ወቀሳ አለበት፤ ጠንካራ ብትሆን ኖሮ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር ማለት ነውና። እኛ የምርምሩን ሥራ ስንመለከት ያገኘነው ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። ሌሊቱን ዐይኑን አፍጥጦ የሚያድረው ሰው ብዙ ጊዜ ፈቃዱ አልደከመም፤ ይልቁንም ብርቱውን ፈቃዱን ለማይታዘዘው ነገር እያዘዘ ይደክማል።

ለምሳሌ ይሆነን ዘንድ የመረጥነው አገር ኩታበር ነው። ኩታበር በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከቦሩ ሜዳ ማዶ የሚገኝ ደጋ ወረዳ ነው። ቦሩ ሜዳን የታሪክ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ስፍራ ነው። ኩታበርን የመረጥነው በሌላ አገር የማይገኝ የእንቅልፍ ደዌ ስላለበት አይደለም። እንቅልፍ የሚነሡ ነገሮች በአንድ ስፍራ ተሰብስበው የሚገኙበት ስለሆነ ነው። የደቡብ ወሎ ደገኛ ከክረምቱ ሌላ የበልጉን ዝናብ ተስፋ አድርጎ ያርሳል፤ በልግ ደግሞ ቃሉን የማይጠብቅ እንግዳ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሰማዩን ሲያይ የዋለ ገበሬ ማታ ጋደም ሲል ዘሩን፣ ከብቱንና ዕዳውን ይዞ ነው የሚተኛው። ሽማግሌዎቹ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ ያስታውሳሉ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወርም ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ሲገባ ኩታበርና ቦሩ ሜዳ የውጊያ ስፍራ ሆኑ፤ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ደሴ ሸሸ፤ ደሴም ስትያዝ ሽሽቱ ወደ ደቡብ ቀጠለ። ደሴ የተለቀቀችው በኅዳር መጨረሻ ነው።

እንግዲህ አንድ ቤተ ሰብ እናስብ። ባልና ሚስት አብረው ሸሹ፤ አብረውም ተመለሱ። አንዳቸው ወር ሳይሞላ እንቅልፋቸው እንደ ቀድሞው ሲሆን፣ ሌላቸው ግን ዓመት ካለፈም በኋላ ውሻ በጮኸ ቍጥር ብድግ ይላሉ፤ አንዴ ከነቁም እስኪነጋ ይገላበጣሉ። የደረሰባቸው ነገር አንድ ነው፤ ቤቱም መደቡም አንድ ነው። ልዩነቱ ከወዴት መጣ?

(ከዚህ በላይ የጠቀስናቸው ዓመታት በእኛ አቈጣጠር ናቸው። ከዚህ በታች ግን ምርምሮቹ የወጡበትን ጊዜ የምንጠቅሰው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ እንቅልፍ እንዴት እንደሚመጣ ባጭሩ እንናገር። በ1982 ዓ.ም. አሌክሳንደር ቦርቤሊ የተባለው በዙሪክ ይሠራ የነበረ ሊቅ እንቅልፍን ሁለት ኃይሎች እንደሚያመጡት ገለጠ። አንደኛው ጫና ነው። ሰው ነቅቶ በቈየ መጠን በአንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የሚባለው ንጥረ ነገር እየበዛ ይሄድና እንቅልፍ እንዲጫነው ያደርጋል፤ ሲተኛ ይቀንሳል። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው፤ ይህም በብርሃንና በጨለማ እየተስተካከለ ሌሊቱን ከቀኑ የሚለይልን ነው። ሲያርስ የዋለ ሰው ጫናው ሞልቶለታል፤ ጨለማውም መጥቷል፤ ስለዚህ እንቅልፍ ሊጥለው ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የሚሠለጥን ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ንቃት ነው። አደጋ የመጣ የመሰለው አካል ጫናው ቢሞላም አይተኛም። ይህ ክፉ ነገር አይደለም፤ ጅብ በበረት ዙሪያ ሲጮኽ የሚያንቀላፋ እረኛ ከብት አይተርፈውም። ችግሩ የሚመጣው ጅቡ ሄዶም ንቃቱ ሲቀር ነው።

በ1967 ዓ.ም. ሎረንስ ሞንሮ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ 16 ደኅና የሚተኙና 16 እንቅልፋቸው የተበላሸ ሰዎችን አስተኝቶ ሲመረምር፣ የኋለኞቹ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ እንኳ የአካላቸው ሙቀት ከፊተኞቹ ከፍ ያለ ሆኖ አገኘው። በጠባይ መጠይቁም ላይ የጭንቀት ምልክት በእነሱ ላይ በዛ። አካላቸው ተኝቶም ዘብ ይቆማል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የመጣው ምርምር ብዙ ቢያሻሽለውም የሐሳቡ መሠረት እስከ ዛሬ አለ።

ያንን የባልና ሚስት ነገር ለማስረዳት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን አርተር ስፒልማን በ1987 ዓ.ም. ያወጣው አከፋፈል ነው። እሱ እንደሚለው እንቅልፍ ማጣት ሥር እስኪሰድ ድረስ ሦስት ነገሮች ይሠሩበታል። እነሱም አስቀድሞ የሚያጋልጥ፣ የሚቀሰቅስና የሚያቆይ ናቸው። በምድጃ ብንመስለው የሚያጋልጠው ደረቁ እንጨት ነው፤ የሚቀሰቅሰው ክብሪቱ ነው፤ የሚያቆየው ደግሞ ክብሪቱ ከጠፋ በኋላ እፍ እፍ እየተባለ የሚሰጠው ነፋስ ነው። ጦርነቱ፣ የበልጉ መቅረት፣ የልጅ ሞት ክብሪቶች ናቸው። ጠባይ እንጨቱ ነው። ነፋሱ ምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ የጽሑፋችን ዋና ነገር እሱ ነውና።

ስለ ጠባይ አሁን ያሉት የሥነ ልቡና ሊቃውንት አብዛኞቹ በአምስት ሚዛን ይመዝናሉ። እነሱም ስጉነት፣ ጥንቁቅነት፣ ተጫዋችነት፣ ገርነትና ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን ናቸው። ሚዛኑ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በአሜሪካ እየተደረጀ የመጣ ነው። ለእንቅልፍ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ስጉነት ነው። ስጉነት ስንል ፈሪነት ማለታችን አይደለም፤ ስጉ የሆነ ሰው በጦር ሜዳ ጀግና ሊሆን ይችላል። ስጉነት ማለት ክፉ ስሜት ቶሎ የሚነሣበትና ቶሎ የማይበርድለት ጠባይ ማለት ነው። አገራችን ለዚህ ጠባይ ብዙ ቃላት አሏት፤ ሆደ ባሻ፣ ብስጩ፣ ነገር የሚያብሰለስል ይባላል። የመጨረሻው ቃል በተለይ ግሩም ነው። መብሰልሰል ማለት በቀስታ እሳት ላይ እንደ ተጣደ ነገር ሳይገነፍልም ሳይበርድም መቆየት ነው። ቀን በገበያ የተነገረች አንዲት ቃል ሌሊት በ8 ሰዓት ገና ትበስላለች። አንጻሩ ሆደ ሰፊ የምንለው ሰው ነው፤ ይህ ሰው ነገሩ ሳይሰማው ቀርቶ ሳይሆን ውሎ ስለማያድርበት ነው የሚተኛው።

በ2018 ዓ.ም. የወጣ፣ በአሜሪካ በአራት የረጅም ጊዜ ጥናቶች የተከታተሏቸውን ከ22,000 በላይ ጎልማሶችና አረጋውያን የሚመለከት ምርምር፣ ስጉነታቸው ከፍ ያለ ሰዎች እንቅልፋቸው የባሰ እንደሆነ፣ ተጫዋችነትና ጥንቁቅነት ያላቸው ደግሞ የተሻሉ እንደሆኑ አሳይቷል። ከዚህ ይልቅ እኛን የገረመን ሌላው ውጤት ነው። ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ እንቅልፍ የተበላሸባቸው ሰዎች ጠባያቸውም ይለወጥ ነበር፤ ተጫዋችነታቸውና ጥንቁቅነታቸው ይቀንስ ነበር። ስለዚህ መንገዱ ሁለት አቅጣጫ አለው። ጠባይ እንቅልፍን እንደሚያበላሽ ሁሉ እንቅልፍ ማጣትም ጠባይን ያበላሻል። በ2007 ዓ.ም. የተደረገ ምርመራም ምክንያቱን በከፊል ያሳያል፤ 35 ሰዓት ያህል ያልተኙ ወጣቶች አስከፊ ሥዕል ሲያዩ በአንጎላቸው ውስጥ የፍርሃት ማዕከል የሆነው ክፍል ከተኙት ይልቅ 60 ከመቶ ያህል በበለጠ ይነሣሣ ነበር፤ ልጓም የሚይዘው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ከሱ ጋራ ያለው ግንኙነትም ላልቶ ነበር። «እገሌ ከተመለሰ ወዲህ ጠባዩ ከፋ» ሲባል ስንሰማ፣ ጠባዩን ከመውቀሳችን በፊት እንቅልፉን ብንጠይቅ ይሻላል።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ ሊጠነቀቅ ይገባል። ከላይ ያልነው ሁሉ በአብዛኛው ሰው ስለ ራሱ በሰጠው ቃል ላይ የቆመ ነው። የእንቅልፍን ጥራት ለመመዘን በዓለም ላይ ዋነኛው መጠይቅ በ1989 ዓ.ም. በፒትስበርግ የተዘጋጀው ነው፤ በሰባት ክፍል ተከፍሎ ከ0 እስከ 21 ነጥብ ይሰጣል፤ ከ5 በላይ ያገኘ ሰው እንቅልፉ ደካማ ነው ይባላል። ስጉ ሰው ግን ስለ እንቅልፉም ሲጠየቅ ማማረሩ አይቀርም፤ ስለዚህ አንዱ ጠባይ በሁለት መጠይቅ ተመዝግቦ ሁለት ነገር ሊመስል ይችላል። ይህንን መጠይቅ በአገራችን በሚዛን አማን ከተማ ነዋሪዎች ላይ ፈትነው እንደሚያገለግል በ2017 ዓ.ም. አሳይተዋል። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች 2,551 ተማሪዎች ተጠይቀው 55.8 ከመቶው እንቅልፋቸው ደካማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጭንቀትና ድብርት ያለባቸው ደግሞ የባሱ ነበሩ። ይህንን ስናነብ ጥናቱ ስለ እኛው ነው ብለን መሳቃችን አልቀረም።

ወደ ደጋው መንደር ስንሄድ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. በቦሊቪያ ጫካ ውስጥ በሚኖሩ ቺማኔ በተባሉ ገበሬዎችና አዳኞች ላይ የጠባዩን መጠይቅ ሲሞክሩት አምስቱ ሚዛኖች እንደ ተጠበቀው ተለይተው አልወጡም። ስለዚህ በአሜሪካ የተሠራ ሚዛን ለኩታበር ገበሬ ልክ ይሆናል ብሎ መጀመር አይገባም። ሌላው ጉድለት ደግሞ ለመናገር እንኳ ያስቃል። የፒትስበርጉ መጠይቅ የሚጀምረው «ብዙ ጊዜ በስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ብሎ ነው። ገበሬው «በ3 ሰዓት» ይላል፤ ይህም ምሽት 3 ሰዓት ነው። መዝጋቢው 3ን እንዳለ በፈረንጅ ሰዓት ቢጽፈው፣ ገና በጊዜ የተኛው ሰው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲያፈጥ ያመሸ ሆኖ ይቈጠራል። አንድ ሙሉ ወረዳ በዚህ መንገድ እንቅልፍ አልባ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ራስን መግዛት እንለፍ። ራስን መግዛት ሲባል የሩቁን ጥቅም አስቦ የቅርቡን ፈቃድ መግታት ነው። በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው የራስን መግዛት መጠይቅ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙ ሰዎች በትምህርትም፣ በመጠጥም፣ ከሰው ጋራ በመኖርም የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። በእንቅልፍስ? በ2014 ዓ.ም. የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የሚከለክለው ነገር ሳይኖር መኝታውን እያዘገየ የሚያመሽ ሰው ራሱን መግዛት የሚያንሰው እንደሆነ አገኙ። ይህንን ማንም ያውቀዋል። በኩታበር ከተማም ሆነ በእኛ የተማሪ ማደሪያ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ልይ» ብሎ የእጅ ስልኩን ያነሣ ሰው በ6 ሰዓት ገና ስልኩን ይዞ ይገኛል። እርግጥ ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ የሰውነት ሰዓታቸው በተፈጥሮ ወደ ማታ ያዘነበለ መሆኑ በኋላ ታይቷል፤ እነሱን በስንፍና መክሰስ አይገባም። ደግሞም ፈቃድ እንደ ጎተራ እህል ነው፣ ቀኑን ሲወጣ ውሎ ማታ ባዶ ይሆናል የሚል ሐሳብ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እጅግ ተወዶ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. 23 ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ሲፈትኑት ግን ከሞላ ጎደል ምንም አላገኙም።

ቡናም እዚሁ ውስጥ ይገባል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ እየያዘ ጫናውን ይደብቃል። ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ማታ በ1 ሰዓት የተጠጣ ቡና እኩሌታው ሌሊት በ6 ሰዓት ገና በደም ውስጥ አለ። የሚበረታው አቦሉ ነው፤ በረካ ቢቀር ቢቀር ምርቃቱ ይቀራል እንጂ ለእንቅልፍ ብዙ ለውጥ የለውም። ማታ ቡና የተጠራ ሰው አቦልን ትቶ ለበረካ መድረስ ቢችል መልካም ነበር፤ ጎረቤት ግን ይህንን የሳይንስ ምክንያት የሚቀበል አይመስለንም።

ጫት ከዚህ ይከብዳል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋራ የሚዛመድ አነቃቂ ነው። ወሎ ውስጥ ጫት የሥራ ጓደኛም፣ የጸሎት ጓደኛም ነው። ወዳጃ ላይ ተቀምጦ፣ ጫቱን ቅሞ፣ ቡናውን ጠጥቶ ዱዓ ሲያደርግ ያደረ ሰው እንቅልፍ አጣ አይባልም፤ እሱ ራሱ ትቶታል። የሚያሳዝነው ክብሪቱን ለማጥፋት ብሎ የጀመረው ሰው ነው። ቀን በድካም ስለማይነቃ ይቅማል፤ ማታ ምርቃናው አልወርድ ስለሚለው ለመስበሪያ አረቄ ይጠጣል፤ አረቄው ያስተኛዋል፤ ሌሊት ሲያልፍለት ግን ይቀሰቅሰዋል። ልተው ያለም እንደሆነ ዱካክ ይመጣበታል፤ ክፉ ቅዠት እያስጨነቀ ደረቱ ላይ ይቀመጣል። ዱካኩን ፈርቶ ይመለሳል። ይህ ሰው ራሱን መግዛት ያቃተው ይባላል፤ እኛ ግን መተዉን በጀመረባት በመጀመሪያይቱ ሌሊት ቅጣት እንደሚጠብቀው መታወቅ አለበት እንላለን።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ግን ስለ መተኛት ነው፤ ስለ እንቅልፍ አይደለም። መብራት ማጥፋት፣ ስልክ ማስቀመጥ፣ አቦልን መተው፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት መነሣት ለፈቃድ የሚታዘዙ ናቸው። ጋደም ካሉ በኋላ ያለው ግን ሌላ ግዛት ነው። ፈቃድ በዚያ ግዛት ሲገባ ምን እንደሚሆን ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ በ1996 ዓ.ም. በቀላል መንገድ አሳዩ። ደኅና የሚተኙ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ገሚሶቹን «በተቻላችሁ ፍጥነት ተኙ»፣ ገሚሶቹን «ደስ ባላችሁ ጊዜ ተኙ» አሏቸው። ለስላሳ ሙዚቃ ሲሰማ ትእዛዙ ብዙም አልጎዳም። የሰልፍ ማርሽ እየተሰማ ግን ቶሎ ተኙ የተባሉት ከሌሎቹ ይልቅ ዘገዩ። እንቅልፍ እንዲመጣ የሚጣጣር ሰው በአንድ ወገን ይጣጣራል፤ በሌላው ወገን «መጣ ወይ?» እያለ ይመለከታል። ራሱ ነገር ሲሞላ መጣጣሩ ይደክማል፤ መመልከቱ ግን ይቀራል። የሚመለከት ሰው ደግሞ ነቅቷል።

ለስጉ ሰው ማርሹ ከውጭ አይመጣም። በራሱ ውስጥ ነው፤ ዘሩ፣ ዕዳው፣ ያ የጥቅምት ሌሊት። «አታስብ» የሚለው ምክር የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። ዌግነር ራሱ በ1987 ዓ.ም. ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ አታስቡ ብሏቸው ድቡ እየደጋገመ ሲመጣባቸው አሳይቷል። እንግዲህ ያ ከላይ ነፋስ ያልነው ይህ ነው። ክብሪቱ ጠፍቷል፤ ሰውዬው ግን እንቅልፍ ማጣቱን ራሱ እየፈራ፣ ሰዓት እየቈጠረ፣ «አሁን ካልተኛሁ ነገ ማረስ አልችልም» እያለ እፍ ይላል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ስጉም ብርቱም የሆነው ነው፤ ቀን ችግሩን ሁሉ በጉልበቱና በፈቃዱ የሚያሸንፍ ሰው፣ ሌሊትም በዚያው መሣሪያ ይገጥማል። ከባልና ከሚስት ያልተኙት ሰነፉ ወይም ደካማው ናቸው ብሎ የሚገምት ቢኖር ተሳስቶ ይሆናል።

ነገሩን የተገላቢጦሽ ብናየው ይበልጥ ይገለጣል። ሰው በፈቃዱ ሳይተኛ ማደር ይችላል። ካህናት ማኅሌት ቆመው ያድራሉ፤ ደረሳው ለሱሁር ይነሣል፤ ዘበኛው ይጠብቃል። በፈቃድ እንቅልፍን መከልከል የሚቻል ሲሆን በፈቃድ ማምጣት ግን አይቻልም። ቪክቶር ፍራንክል የተባለው የቪየና ሐኪም ከዚህ ተነሥቶ መድኃኒት አደረገው። እንቅልፍ እንቢ ያለውን ሰው ዐይንህን ከፍተህ በተቻለህ መጠን ንቁ ሆነህ ቆይ ብሎ አዘዘው። የሚጠብቀው ሲቀር እንቅልፉ ሳይታሰብ ይመጣል።

ሁለቱ የወሎ ሃይማኖቶች ይህንን ድንበር ከጥንት ያወቁት ይመስላል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ስትቈጥር ከመንፈቀ ሌሊት በፊት ያለውን ንዋም ትለዋለች፤ ይህም የመኝታ ጊዜ ማለት ነው። በእስልምናም ከዒሻ ሶላት በኋላ ወሬ ማብዛት የተጠላ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። ስለ ሃይማኖቱ መናገር የእኛ ፋንታ አይደለም፤ ከእንቅልፍ አንጻር ግን ሁለቱም ሥራውን የሚያዘጋጁት ከመኝታ በፊት ነው፤ ቀኑን ይዘጉታል፤ የቀረውን ሐሳብ ለሌላ ያስረክባሉ። ይህንን የሚመስል ነገር በ2018 ዓ.ም. በአሜሪካ በ57 ወጣቶች ላይ ተሞክሯል። ከመኝታ በፊት 5 ደቂቃ ያህል ነገና ከነገ ወዲያ የሚሠሩትን የጻፉት ሰዎች፣ የሠሩትን ከጻፉት ይልቅ ወደ 9 ደቂቃ ያህል ቀድሞ እንቅልፍ ወሰዳቸው። መጻፍ ለማይችል ሰው ለባልንጀራው ቈጥሮ መንገሩ ያው ይሆናል ብለን እንገምታለን፤ ነገር ግን በምድጃ ዙሪያ እንጂ በመደብ ላይ መሆን የለበትም።

የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ዓ.ም. ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከክኒን በፊት መቅደም ያለበት በሐሳብና በልማድ ላይ የሚሠራው ሕክምና ነው ብሎ ወስኗል። ሕክምናው ከላይ ያልነውን ልዩነት በተግባር ይጠቀማል፤ ፈቃድ በሚታዘዝበት ላይ ጥብቅ ነው፤ በማይታዘዝበት ላይ ፈቃድን ያሰናብታል። የመነሻ ሰዓት እንዲጸና ያዝዛል፤ የቀን እንቅልፍን ይከለክላል፤ መደብ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ከሚተኙበት ጊዜ ጋራ እስኪቀራረብ ያሳጥራል። ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 ዓ.ም. ያመጣው ሥርዓት ደግሞ፣ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሥተህ ወደ ሌላ ክፍል ሂድ፤ ሲያንቀላፋህ ተመለስ ይላል። ምክንያቱም መደቡ የሚገላበጡበት ስፍራ መሆኑን አካል እንዳይለምድ ነው።

ይህ ምክር እንደተጻፈ ኩታበር ቢደርስ አይሠራም። ሌላ ክፍል የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ልጆቹ በአንድ ወገን ተኝተዋል፤ ከደጅ ብርዱ ያንገበግባል፤ ሌሊት በር የከፈተ ሰው ጎረቤትን ያስደነግጣል። ዳሩ ግን የምክሩ ፍሬ ክፍሉ ላይ አይደለም። ጋቢውን ተከናንቦ ከመደቡ ወርዶ በተዳፈነው ምድጃ አጠገብ መቀመጥ ይበቃል። መብራት አያስፈልገውም፤ ሰዓት አይይ፤ ስልክም አይንካ። ከተቻለ እጁን የሚያሳርፍ ቀላል ነገር ይያዝ፤ መቍጠሪያ ያለው መቍጠሪያውን፣ ሙስባሓ ያለው ሙስባሓውን፣ ጥጥ የምትፈትል እንዝርቷን። አመዱን እያየ ይቀመጥ፤ መተኛት አለብኝ አይበል። አንገቱ ሲዘም ያን ጊዜ ወደ መደቡ ይመለስ። በመጀመሪያው ሳምንት ድካሙ ይብሳል፤ ይህንን ለሰውዬውም ለቤተ ሰቡም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ካልተነገራቸው በሦስተኛው ሌሊት «ይኸው ባሰበት» ብለው ወደ አረቄው ይመልሱታል።